በፌስታል የተሞላው ቦራ

ቀኝ እጄን ሞጣ ገበያ መሃል በእሳት አበላሹት። ከዚያም እሳቱን የለኮስኩት እኔ ራሴ እንደሆንኩ ጽፈው አስፈረሙኝ። መተተኛ ነኝ የሚል ቃልም ጨመሩበት። ማንበብ አልችልም ነበር፤ በግራ አውራ ጣቴ ፈረምኩ። የተበደልኩት ይህን ነው።

ያን ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቢቸና ዳር፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ቦታ የምኖር ገበሬ ነበርኩ። አገር የሚያውቀኝ በሁለት ነገር ነው፤ በክፉ ምላሴና በወስፌዬ። ምላሴ ማንንም አይምርም፣ ዛሬም አልተሻለውም። በወስፌዬ ኮርቻ እሰፋለሁ፣ ስልቻ እጠግናለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሞተ ጥጃ አስነሳለሁ።

ከብት አርብቶ የማያውቅ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል፤ ልንገራችሁ። ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ስለዚህ የጥጃውን ቆዳ ሳንቀድ ገፍፈን ጨው እንነሰንስበትና ገለባ ሞልተን እንሰፋዋለን። በአራት እንጨት አቁመን ላሚቱ ፊት እናቀርበዋለን። ትልሰዋለች። እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። የኔ ጥጃ ከሌላው ሰው ጥጃ ይለያል። አንገቱን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብዬ፣ አንዱን ጆሮ ወደ ኋላ አድርጌ ነው የምሰፋው። እናቱን የሚሰማ ይመስላል። ከደብረ ወርቅ ድረስ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር።

ከቤቴ በታች ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አለ። የከተማው ቆሻሻ የሚደፋው እዚያ ነው። በልጅነቴ እዚያ የሚጣለው አመድና የአጥንት ስባሪ ነበር። በኋላ ፌስታል መጣ። ሩብ ኪሎ ጨው በፌስታል፣ ሁለት ሎሚ በፌስታል፣ ሳሙናው በላስቲክ ተጠቅልሎ መጥቶ እንደገና በፌስታል። ዘንቢል ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው እንደ ኋላ ቀር ይሳቅበት ጀመር። በበጋ ነፋስ ሲነሳ የኔ የእሾህ አጥር ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ይለብሳል። ነቅዬ እጨርሳለሁ፣ በማግስቱ መልሶ ይለብሳል። ከፌስታሉ አብዛኛው የአውራ ዶሮ ሥዕል አለበት። ሞጣ ካለው የአቶ ፈንቴ የጅምላ መደብር የሚመጣ ነው፤ የቢቸና ሱቆች ሁሉ ከሱ ነው የሚያመጡት። ማንበብ ባልችልም ዶሮ አውቃለሁ።

በ2001 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ቦራ መብላት ተወ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ በሬዬ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። በሦስተኛው ቀን ተኛና አልነሳም አለ። ጎረቤቴ አያ መኳንንት መጥቶ ጎኑን በጡጫ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው።

"ይህ አይድንም። ሳይሞት እረደው፤ ቅርጫ እንካፈለው።"

"እርሻ ደርሶ? በምን ልረስ ነው አያ?"

"እሱ ያንተን እርሻ እየጠበቀ ይሙት እንዴ? ቶሎ በል፣ ጥንብ ይሆንብሃል!"

እኔው ራሴ አረድኩት። ሥጋ ሊካፈል ስምንት አባወራ ሳህኑን ይዞ ከብቦኛል። ቆዳውን ገፍፌ ሆዱን ስከፍት ቢላዬ ጨጓራው ላይ ተንሸራተተ። ድንጋይ የነካ መሰለኝ። እንደምንም ቀደድኩትና እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ሳብኩ። ገመድ የሚመስል ነገር ተከተለኝ። ብስበው አያልቅም። ተነስቼ ቆሜ፣ እግሬን ጎድኑ ላይ ተክዬ ጎተትኩት። አንድ ቁና የሚያህል ጓል ወጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠምዝዞ፣ ከፈርስ ጋር ተቦክቶ። መሃሉ ላይ የሕፃን ጫማ ሶል አለ። ሽታው እንኳን ሰው ውሻ ያባርራል። አያ መኳንንት ዞር ብሎ አስመለሰው። ሰዎቹ ባዶ ሳህናቸውን ይዘው አንድ በአንድ ሄዱ። ስምንት ዓመት ያረሰልኝ በሬ ለቅርጫ እንኳ ሳይበቃ ቀረ።

ሚስቴ ጥሩወርቅ ጓሉን በእንጨት ስትፈታታ ቆየችና አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አነሳች። አፏ በቀይ ክር የታሰረ ፌስታል ነው።

"አንተ ስንሻው... ይችን የቋጠርኳት እኔ ነኝ። የጥር ማርያም ዕለት፣ ለእናቴ ቅመም የላክሁባት።"

"ዝም በይ!" አልኳት።

"ክሩ እኮ የኔ ነው።"

"ዝም በይ አልኩሽ!" እንጨቱን ከእጇ ነጥቄ ወረወርኩት። ክፉ ሰው ነበርኩ አላልኳችሁም?

ያን ቆዳ ግን አልሸጥኩትም። ከነራሱ፣ ከነቀንዱ ጨው ነሰነስኩበት። የባሕር ዛፍ እንጨት በጠፍር አስሬ አጥንት ሠራሁለት። ገለባ አልሞላሁትም፤ መጀመሪያ ከሆዱ የወጣውን ሞላሁበት፣ ሳይበቃኝ ሲቀር ከገደሉ በጆንያ እያመጣሁ ሞላሁበት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሆዱን ሳልሰፋ በጠፍር ብቻ ቋጠርኩት፣ ስፈልግ እንዲከፈት። ሲቆም ጥሩወርቅ አይታ አማተበች። ቦራ ከመሞቱ በፊት የነበረውን ያህል ያምር ነበር፤ ሆዱ ብቻ ተወጥሯል።

ምን ፈልገህ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንዲያፍሩ ነው። ሌላ አልፈለግሁም።

በሞጣ የገበያ ቀን በጭነት መኪና ላይ ጭኜ ወጣሁ። ከላይ የተሳፈሩት ሰዎች እስከ ሞጣ ድረስ ሲስቁብኝ ነበር። አንዱ "በሬው መቀመጫ ስለያዘ እንደ ሰው ይክፈል" ይላል፤ ሌላው "ተዉት፣ ቆሞ ነው የሚሄደው" ይላል። መደብሩ በር ላይ አወረድኩትና አቆምኩት። ዶሮው በሩ ላይም በትልቁ ተሥሏል።

ሰው ተሰበሰበ። እርጎ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ቅሏን ይዛ ቀረበችና ቦራን ዙሪያውን ዞረችው።

"አንተ ልጅ፣ ምን አብልተህ ነው እንዲህ ያወፈርከው?"

"እናንተ የጣላችሁትን፣ እማማ።"

ተሳቀ። ያን ጊዜ የሆዱን ጠፍር ፈታሁ። ፌስታሉ እየተግተለተለ መሬት ወረደ፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ከነፈርሱ። እጄን አስገብቼ ስስብ፣ አሁንም ስስብ ሳቁ ቆመ። አንድ ገበሬ "የኔም ጊደር እንዲሁ ነው የሞተችው" አለ። ሌላው "የኛም" አለ። አሮጊቷ የገዛችውን ስኳር ከፌስታሉ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ገለበጠችና ፌስታሉን ቦራ እግር ሥር ጣለችው። ሌላ ሴት ተከተለቻት። ከዚያ ሌላ። ወንዶቹም ከኪሳቸው እያወጡ ጣሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ተደስቼ አላውቅም። እውነቴን ነው።

አቶ ፈንቴ ወጣ። ንጹሕ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ድምፁ ለስላሳ። ከኋላው ሁለት ወዛደሮች አሉ፤ አንደኛው ጌትነት የሚባል ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ ነው።

"ሰውዬ፣ መንገድ ዘጋህብኝ" አለ ፈንቴ።

"እኔ አይደለሁም፣ በሬው ነው።"

"ስሙ ማነው?"

"ቦራ።"

"አቶ ቦራ፣ እባክዎ ይነሱልኝ፤ ደንበኞች አሉብኝ!" ብሎ ጎንበስ አለለት። ሰው እንደገና ሳቀ። መቼም ያውቅበታል።

"አይነሳም" አልኩት። "ያንተን ዶሮ ውጦ ከብዶታል።"

"እኔ ዕቃ ሸጥኩ እንጂ ከብት አልቀለብኩም። በወጉ ያልጣላችሁት እናንተ፣ ከብት ለቃችሁ የምትተዉ እናንተ። ይልቅ እስቲ ከዚህ መሃል ካንተ ቤት የወጣውን ለይልኝ!"

ቀይ ክር ያለባት ቋጠሮ ዓይኔ ላይ መጣች።

"አያችሁ?" አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። "ዝም አለ!"

በዚህ መሃል ነፋሱ ዞረ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ከብት የሞተ ከብት ሲሸተው እንደሚያጓራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ ቆዳ ስሰፋ የኖርኩት ሰውዬ ግን ሰው ላሳፍር ስል ረሳሁት። የከብቱ ተራ ከመደብሩ በታች ነበር። መጀመሪያ አንድ በሬ አጓራ። ከዚያ ሌላው ተቀበለው። ገመዱን የበጠሰ ጥቁር በሬ ሰዉን እየጣሰ መጣና አፍንጫውን ቦራ ጎን ላይ አደረገ። አሸተተው። መሬቱን በሰኮናው እየዛቀ እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ተራው በሙሉ ተነቀለ። ሸክላ ተሰበረ፣ እህል ተረገጠ፣ አንዲት ሴት በሬ ረግጧት እግሯን ይዛ ትጮኻለች።

ፈንቴ ወደ ጌትነት ጆሮ ሲጠጋ አይቻለሁ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ጌትነት ግን በዚያ ወፍራም ጉሮሮው ጮኸ፦

"መተት ነው! ከብታችሁን ሊያስጨርስ የመጣ መተተኛ ነው!"

አገራችንን ታውቁታላችሁ። ደብተራ የቋጠረው ክር ደጁ ላይ ከተገኘ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ። በቆዳ ውስጥ የተቋጠረ፣ በጠፍር የታሰረ፣ ከብት የሚያሳብድ ነገር ምን ሊባል ነው? ቅድም አሮጊቷን ተከትላ ፌስታሏን የጣለችው ሴት ድንጋይ አነሳች። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮዬን መታኝ። ሁለተኛው ጥርሴን። ጊደሩ የሞተችበት ገበሬ በዱላው ወገቤ ላይ አሳረፈብኝ። አልወደቅሁም፤ ቦራን አንገቱን አቅፌ ቆምኩ።

"ላምባ አምጡ!" አለ ፈንቴ። በዚያ ጩኸት መሃል እንኳ ድምፁ ለስላሳ ነበር።

ጌትነት ከበሬው ሊነጥለኝ አንገቴን ያዘኝ። ወስፌዬ ወገቤ ላይ ነበረች። መዝዤ ጭኑ ላይ ተከልኳት። እስከ እጀታዋ ገባች። እንደ ሕፃን ጮኸ። በዚህ አልጸጸትም፤ ስላነከሰ ግን አዝናለሁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሌላኛው ወዛደር ላምባውን ከጀሪካን ቦራ ጀርባ ላይ ደፋው። ክብሪቱን ማን እንደጫረው እስካሁን አላውቅም። ሁለቱም ኋላ ላይ "እኔ አይደለሁም" ብለዋል።

ፌስታል እንደ እንጨት አይነድም። ይቀልጣል፣ እየነደደ ይፈስሳል። ቦራ ከውስጡ ፈነዳና ሆዱ እየተንጠባጠበ ወረደ። ሰው "ልቀቀው! ልቀቀው!" ይላል። ቀኝ እጄ አንገቱ ሥር ነበረች፣ አልለቀቅሁም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝም አልመልስላችሁም። የቀለጠው ከአንገቱ በላዬ ሲፈስስ ሰማያዊ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጣቶቼ ላይ ተጣበቀ። ላራግፈው ስሞክር ቆዳዬ አብሮ ተነሳ። የራሴ ሥጋ ሸተተኝ። ከዚያ የማውቀው አሮጊቷ እርጎዋን ከነቅሉ እጄ ላይ ስትደፋ ነው። "አረመኔ! አረመኔዎች!" ትላለች። ብቻዋን ነበረች።

ወደ መደብሩ ጓዳ አስገቡኝ። ስኳር በስኳር ላይ የተደረደረበት ክፍል ነው። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ በጉልበቱ ላይ ወረቀት ይዞ ይጽፋል። ጌትነት ጭኑን በሻሽ አስሮ ጥግ ተቀምጧል፤ አንድ ሌላ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ አየሁ።

"ሐኪም ቤት እናደርስሃለን" አለኝ ፈንቴ። "ለመኪናው ነው፤ መንገድ ላይ ብትሞት እንዳንጠየቅ። እዚህ ጋ ፈርም።"

"ምን ይላል?"

"አሁን ነገርኩህ እኮ። ትፈርማለህ ወይስ እዚሁ ትቀራለህ?"

ቀኝ እጄ ጣት አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ በግራዬ ፈረምኩ። ጣታችን ያረፈበትን ግልባጩን፣ የጌትነትንም ቃል ጨምሮ፣ አጣጥፎ ዶሮ ባለበት ፌስታል ከተተና ኪሴ ውስጥ አኖረልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ማንበብ እንደማልችል አውቆ ያሾፍብኝ ነበር።

ቢቸና ጤና ጣቢያ ለወራት ተመላለስኩ። ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ የቀሩት ሦስቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ። ቁስሉን የምታጥብልኝ ሲስተር ረሕመት የምትባል ከወሎ ተመድባ የመጣች ሴት ነበረች። አንድ ቀን ያን ወረቀት አሳየኋት።

"ሲስተር፣ ይህ ለመኪና ነው አሉኝ። መኪናው ሐኪም ቤት ካደረሰኝ ምን ያደርግልኛል? ጣይው።"

ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ፋሻውን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይህን ራስዎ ነዎት ያሉት?"

"ምን አልኩ?"

"'እኔ ስንሻው ከብት የሚያሳብድ መተት በበሬ ቆዳ ሰፍቼ ገበያ አምጥቻለሁ። ሕዝቡ ሲይዘኝ እሳቱን ለኩሼ ራሴን አቃጥያለሁ። በማንም ላይ ክስ የለኝም' ይላል።"

"ድገሚው።"

ደገመችው። ለካ ፈንቴ ዋናውን በሞጣ ገበያ ላይ ጮክ ብሎ አስነብቦታል። የሰዉ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። በቤቴ ደጃፍ የሚያልፉ ሰዎች ያማትቡ ነበር፤ በቁስሌ የደነገጡ መስሎኝ ነበር። የልጄን የየሺን ሠርግ አማቾቼ "ይዘግይ" ብለው ነበር። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ልከው አፈረሱት። መተተኛ ቤት ልጃቸውን አይድሩም። የሺ አልጮኸችም። የሠርጓን ቀሚስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችና "እውነት ነው ወይ አባዬ?" ብቻ አለችኝ። ድንጋዩም እሳቱም እንደዚህች ጥያቄ አላመሙኝም።

በማግስቱ ሲስተር ረሕመትን "ፊደል አስተምሪኝ" አልኳት።

"በየትኛው እጅዎ ሊጽፉ ነው?"

"ባለኝ እጅ።"

ፋሻ እየፈታች 'ሀ'፣ ፋሻ እያሰረች 'ሁ'። ቁስሉ ሲያምመኝ እሳደባለሁ፤ እሷ "ሲሳደቡ የተናገሩትን ፊደል ይጻፉት" ትለኛለች። በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሰዎች ከአጠገቤ ርቀው ይቀመጡ ነበር። የዚያ ማመልከቻ ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፤ ሳልደናቀፍ ለማንበብ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የፈጀብኝ ግን ፊደሉ ብቻ አይደለም። እስከ መጨረሻው ካነበብኩት ቁጣዬን እፈራው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ሲብት ሞጣ ወጣሁ። የሄድኩት ፈንቴ ጋ አልነበረም። ጌትነት ጋ ነው። ከመደብሩ ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ዱላውን ሳበ።

"መጣህ? ሌላኛውን እግሬን ልትወጋ?"

"ወስፌ የምይዝበት እጅ ተዋችሁልኝ እንዴ?"

እጄን አየና ዓይኑን አዞረ።

"ቃልህን ላነብልህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"የምን ቃል?"

አነበብኩለት። "እኔ ጌትነት ከበሬው ሆድ ውስጥ የደብተራ ክታብ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንሻው እሳቱን ራሱ ሲለኩስ፣ እኔም ላድነው ስል ሲወጋኝ..."

"ማን ነው ይህን ያለው?"

"አንተ። ይኸው ጣትህ።"

ተነሳና በጡጫ አፌን መታኝ። መሬት ላይ ወደቅሁ። "ውሸታም! እኔ የተናገርኩት እግሬን መወጋቴን ነው! ላምባውን ማን እንዳፈሰሰው ሳይቀር ተናግሬያለሁ!" ወረቀቱን ነጥቆኝ እያነከሰ ሄደ። አንድ መምህር መንገድ ላይ አስቁሞ አስነበበው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር። አጠገቤ ሳይቆም አልፎኝ መደብሩ ገባ።

ስገባ ፈንቴን ጉሮሮውን ይዞ ግድግዳው ላይ አጣብቆታል። ፈንቴ እግሩ ከመሬት ተነስቷል፤ ፊቱ እንደ ጉበት ጠቁሯል። ያ ለስላሳ ድምፁ የለም፤ ያጣጥራል ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥቂት ቆሜ አየሁ። ጣፈጠኝ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህ ሰው አሁን ከሞተ እኔ ዕድሜ ልኬን መተተኛ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ከሱ በቀር ያን ወረቀት ሐሰት ነው ቢል የሚታመን የለም።

"ልቀቀው!" አልኩ። አልሰማኝም። በቀኝ ጉማጄ የጌትነትን ፊት መታሁ። "ልቀቀው አልኩህ! ሕያው ሆኖ ነው የምፈልገው!"

ለቀቀው።

ጩኸቱን የሰማ ተሰበሰበና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። መሃል የተቀመጡት መሪጌታ፣ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ጤነኛ ነው። ጌትነትን ጠየቁት።

"ክታብ አይተሃል?"

"አላየሁም አባ።"

"መተት ነው ብለህ ጮኸሃል?"

"ጮኼያለሁ። ጩህ ተብዬ ነው።"

"ማን አለህ?"

በጣቱ አሳየ። መሪጌታ ወደ ፈንቴ ዞሩ። "አቶ ፈንቴ፣ ምን ይላሉ?"

ፈንቴ ጉሮሮውን እየዳሰሰ "ሕዝቡ ገበያዬን ሊያጠፋብኝ ነበር" አለ። "እኔ ነጋዴ ነኝ አባ። ፌስታል ያለ ሰው ፍላጎት አልሰጠሁም። ካልሰጠኋቸው ወደ ሌላ ይሄዳሉ።"

"የጠየቅሁዎት ስለ ፌስታል አይደለም።"

"...አዎ። ያልኩት እኔ ነኝ።"

ስለ ካሳ ሲነሳ አልፈልግም አልኩ። አዲስ ወረቀት ይጻፍ፣ እሱ ራሱ በገበያ መሃል ቆሞ ያንብበው፤ ሌላ የለኝም። "ማን ይጽፈዋል?" አሉ። "እኔ" አልኩ። በግራ እጄ ስጽፍ ፀሐይዋ ከራሳችን ላይ ዘንበል አለች። ማንም አላጣደፈኝም። ፈንቴ በገበያው ቀን ድንጋይ ላይ ቆሞ አነበበው፦ "ስንሻው ያመጣው በሬ በሬ ነበር። በሆዱ የነበረው እኛ የጣልነው ነው። መተት አልነበረም። ያቃጠልነው እኛ ነን።" ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ከሰሙት መሃል የወገሩኝም ነበሩ። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም።

እንግዲህ አንባቢዎች፣ ምን ተለወጠ ብትሉ፣ ገበያው አልተለወጠም። ዶሮው በሩ ላይ አለ። የየሺ እጮኛ ሌላ አግብቶ ነበር። እኔም ፈንቴን ይቅር አላልኩም፤ ታርቄያለሁ እንጂ። አንድ የሥዕል መምህር ታሪኩን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጥቶ "ጋሼ፣ የሠሩት እኮ ትልቅ ኪነ ጥበብ ነው፤ በከተማ እንዲህ ያለውን በአዳራሽ አቁመው ያዩታል" አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ላሚቱን ጥጃዋ ያልሞተ አስመስዬ ሳታልላት ሁሉም ጎበዝ ይለኝ ነበር። ለሰዎቹ የሞተውን እንዳለ ባሳያቸው ወገሩኝ።

እናንተም ቤት በር ኋላ አንድ የታጨቀ ፌስታል አለ፤ የለም ማለት አትችሉም። ሄዳችሁ ቁጠሩት አልልም። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የገባኝ ግን አለ። ቃላችሁን ሌላ ሰው እንዲጽፍላችሁ ከተዋችሁ፣ በሬያችሁንም እሳታችሁንም እሱ ይሰይመዋል። ይህን ሁሉ በግራ እጄ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ጉዳዩ በሞጣ ገበያ ያለቀው ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።